የእንቅልፍ ምስክር

ሲስተር ይመኙሻል ማረፋቸውን የነገረኝ ከጎጃም መስመር የመጣ የአውቶብስ ሾፌር ነው። መኪናውን ከበራችን ፊት ለፊት አቆመና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። የመስመር ሾፌር ለሰላምታ ብሎ ሞተር አያጠፋም። ገና ሲያጠፋው ልቤ ፈራ።

«እትዬ ውባለም፣ ሲስተር አርፈዋል» አለኝ። «ሞጣ ነው የተቀበሩት። ብዙም አልታመሙ አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«ለቀስተኛውን የጫንሁት እኔ ነኝ።»

ውኃ አቀረብሁለት። እሱም እንደ ሌሎቹ የመተማ ሾፌሮች በሲስተር እጅ ያለፈ ሰው ስለነበር ውኃውን ይዞ ተቀመጠ። ሊነሣ ሲል፣ «እኔን ከምርመራ ሁለት ጊዜ መልሰውኛል፤ አሁን ሳስበው ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበሩ» አለና ሄደ።

እኔ የባለቤቴን የአስማረን ጥቁር ገና አላወለቅሁም። እሱ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ቤቱ ጭር ስላለብኝ ቀኑን በጽሑፍ እገፋዋለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ ተነሥቼ ዶሮዎቹን አይቼ እመለሳለሁ። ስለ አስማረ ልጽፍ ስቀመጥ እንባ ይቀድመኛል። ስለ ሲስተር ስጽፍ ግን ፊቴ ይፈታል። አስማረን የወሰደው ጉበቱ ነው። በገዛ አልጋው ላይ፣ እጁ በእጄ ውስጥ እንዳለ፣ ልጆቹን ሁሉ ተሰናብቶ ነው የሄደው። ዕድሜውን መሪ ላይ ያሳለፈ ባሏን ከአልጋው ላይ የምትሸኝ ሴት ብዙ አይደለችም። ለዚህ ከእግዚአብሔር ቀጥዬ የማመሰግነው ሲስተር ይመኙሻልን ነው።

ሲስተር የሞጣ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለወባ መከላከል ሥራ፣ ለአንድ ክረምት ብቻ ተብለው ወደ መተማ ተላኩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አልተመለሱም። ለምን እንዳላገቡ የሚጠይቃቸው ሲገኝ፣ «ላገባ ስል ወባ ገባች፤ ወባ ስትወጣ ዕድሜዬ አብሯት ወጣ» ይሉ ነበር። አጠር ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን ቆላ ኖረው የደጋ ልማዳቸው አልለቀቃቸውም። የሰው ደረት ከማዳመጣቸው በፊት የማዳመጫውን ብረት በመዳፋቸው አሽተው ያሞቁታል። ውጭ ሰው በፀሐይ ይጠበሳል፤ እሳቸው ብረት ያሞቃሉ።

«ሲስተር፣ እዚህ እኮ መተማ ነው፤ ይልቅ አቀዝቅዘው ቢያደርጉልን» ይሏቸዋል ሾፌሮቹ።

«ዝም ብለህ ተንፍስ። ስታወራ የምሰማው ወሬህን ነው።»

ሐሙስ ሐሙስ የሾፌሮች ቀን ነበር። የጭነትም ይሁን የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ጤነኛ ለመሆኑ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። ያን ፈልገው ከኮኪትም፣ ከአብርሃ ጅራም፣ ከገለጉም ይመጣሉ። በጤና ጣቢያው ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እግራቸውን ዘርግተው፣ እየተጎሻሸሙ ተራ ይጠብቃሉ። ሲስተር ዓይናቸውን በሰሌዳው፣ ጆሯቸውን ከኋላ ቆመው በሹክሹክታ፣ ደማቸውን በመለኪያው ያያሉ፤ ከዚያ ሐኪሙ ይፈርማል። የደም ግፊቱ ከፍ ያለበትን፣ «ደምህ ከመኪናህ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቷል፤ አውርደኸው ተመለስ» ይሉታል። ሲናገሩ ሁለት ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋሉ። ጣቶቹ ካረፉ በኋላ የሚለምናቸው ሰው በከንቱ እንደሚደክም ሁሉም ያውቃል።

ይህን ምርመራ ሌላ ቦታም ያደርጉታል። ሲስተርን የለያቸው የመጨረሻው ጥያቄያቸው ነው።

«አጠገብህ የሚተኛው ማን ነው? እሱን ይዘህ ና።»

ይህን የጀመሩት ጎንደር ለሥልጠና ሄደው ከተመለሱ በኋላ ነው። እዚያ ያስተማሯቸው ሐኪም፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም እንዳልተኛ ነው፤ ቀን መሪ ላይ ይጥለዋል ብለው ነበር። ሲስተር ይህን ሰምተው ሲመለሱ፣ ከዚያ በፊት በደልዳላ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ምክንያት የተገለበጡትን መኪናዎች አንድ በአንድ አሰቡ። «ዓይንህን ሰሌዳው ይመሰክርልሃል፣ ደምህን መለኪያው ይመሰክርልሃል። እንቅልፍህንስ?» ይላሉ። «ሰው ስለ እንቅልፉ የሚያውቀው ስለ ማጅራቱ የሚያውቀውን ያህል ነው።»

ሾፌር ደግሞ ነገር አያልፈውም። ጋሻው የሚባል፣ አንድ ቤት አዘዞ፣ አንድ ቤት መተማ ያለው ሰው ነበር።

«ሲስተር፣ የትኛዋን ላምጣ?» አላቸው። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ።

«ብዙ አጠገቧ የምትተኛዋን።»

«ብዙ የምተኛውማ ጋቢና ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ጋቢናውን አምጣው።»

በመጨረሻ አብሮት መስመር የሚወጣ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ሌላው ደግሞ ሚስቱ ዘመድ ጥየቃ ሄዳበት አማቱን አመጣ። አማቲቱ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና መጠጡን፣ ቁጣውን፣ ለበዓል ባዶ እጁን መምጣቱን ዘረዘሩ።

«እናቴ፣ እኔ የጠየቅሁዎ ስለ እንቅልፉ ነው» አሉ ሲስተር።

«ስለ እንቅልፉ ምን አውቄ ልጄ። መች ቤት ያድርና።»

እኔ የተጠራሁት በአንድ መስከረም፣ ዝናቡ ሊወጣ፣ የሰሊጥ አጨዳው ሊጀመር ሲል ነው። አስማረ የሐጂ ኢድሪስን ተሳቢ ይነዳ ነበር። ሐጂ የድንበሩ ገበያ ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ አስማረ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ነው የኖረው። አጨዳው ሲጀመር መኪናው ከኮኪትና ከአብርሃ ጅራ ወደ ጎንደር ያለ ዕረፍት ይመላለሳል። የዓመት እንጀራችን የሚገኘው በነዚያ ወራት ነው።

አስማረ ወፍራም፣ አንገቱ የዋርካ ግንድ የመሰለ ሰው ነበር። ዓይኑንም፣ ጆሮውንም፣ ደሙንም አለፈ። ከዚያ እኔ አዲስ ነጠላ ለብሼ ገባሁ። የሄድሁት ባሌን ላስመሰግን ነው። በእኛ ዘንድ የሚያንኮራፋ ሰው የጠገበ፣ ልቡ ያረፈ ሰው ነው። እናቴ፣ አባቴ ሲያንኮራፋ፣ «ስሙት፣ ጎተራው ሙሉ ነው» ትል ነበር።

«ውባለም፣ አስማረ እንዴት ይተኛል?» አሉኝ ሲስተር።

«ስለ እንቅልፉማ ምን ልንገርዎ። ጎኑ አልጋውን ሳይነካ ነው የሚወስደው። በበጋ ሙቀቱ ሲብስ ግቢ ስንተኛ ድምፁ ከሦስተኛው ቤት ይሰማል። ጎረቤቴ ዘሀራ፣ 'የእናንተ ሲኖትራክ ዛሬም ሲጭን አደረ' ትለኛለች።»

አስማረ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ደስ ብሎታል።

«መካከል ላይ ጸጥ ይላል?»

«ይላል። ጭጭ ነው የሚለው።»

«ጭጭ ሲል ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዱካክ ነው የሚጫነው ብዬ ከትራሱ ሥር ቢላዋ አድርጌለታለሁ።»

«ቢላዋው ረዳው?»

«እምብዛም። ዝምታው ሲረዝምብኝ በክርኔ ጎሸም አደርገዋለሁ፤ ያኔ ከወንዝ እንደወጣ ዋናተኛ ተንፍሶ ይቀጥላል።»

«በየሌሊቱ?»

«ቤት ባደረ ቁጥር።»

ሲስተር ወደ አስማረ ዞሩ። «ቀን መንገድ ላይ ያንቀላፋሃል?»

«ሲስተር፣ የማያንቀላፋው ሾፌር አለ?»

«የት ላይ ነው አንተን የሚይዝህ?»

«ከሸኸዲ ወዲህ ሜዳው ላይ። ዳገቱማ ያነቃል።»

ሁለቱ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ አረፉ።

«አስማረ፣ ዘንድሮ አላሳልፍህም። ጎንደር ሂድና አንገትህንና ጉሮሮህን ይዩልህ። ታክመህ ስትመጣ እናያለን።»

«በማንኮራፋት?»

«በማንኮራፋትህ አይደለም። ማንኮራፋቱን በማቆምህ ነው።»

ወደ ቤት ሄድን። በሩ ላይ ሲደርስ ቆሞ፣ «አንች ሴት፣ አመስግነሽ ገደልሽኝ እኮ» አለኝ። አልተቆጣም። ምን እንደደረሰበት ያልገባው ሰው ይመስል ነበር። ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል፣ ጉልበቱ እንደ በሬ ነው። በሽተኛ የተባለው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ተኝቶ ሳለ ደግሞ እሱ ራሱ የለም።

ሰሊጥ አይጠብቅም። ከደረሰ በኋላ አንድ ሳምንት ካለፈው ከአገዳው ላይ ረግፎ መሬት ይቀራል። ሐጂ ኢድሪስ፣ «እስከ መስቀል ወረቀትህን ካላመጣህ ሌላ ሾፌር እይዛለሁ፤ አትቀየመኝ» ብለው ላኩበት። በዚያው ቀን ሻይ ቤት አንድ ደላላ አገኘው። ሌላ ከተማ ሰውየው ሳይታይ ወረቀቱ ብቻ የሚሰጥበት ቦታ አለ፣ ቅዳሜ እንሂድ አለው። አስማረ ይህን ሲነግረኝ ደስታው ፊቱ ላይ ነበር። እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ከምርመራው ስንወጣ ሲስተር ወደኋላ ቀርቼ እንድሰማ እጄን ይዘው፣ «ያ ጸጥታ ዱካክ አይደለም፤ ጉሮሮው እየተዘጋ አየር ያጣል» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ስተኛ ዝምታው በመጣ ቁጥር ያ ሜዳ ይታየኛል።

ረቡዕ ጠዋት ለሲስተር ሄጄ ነገርኋቸው። ደላላውን አልረገሙም፣ አስማረንም አልወቀሱም። ጥቂት አሰቡና፣ «ነገ የሾፌሮች ቀን ነው» አሉ። «ምሳውን አጥግበሽ ይዘሽው ነይ። ሐጂንም ጥሪልኝ። ተሳቢው የሳቸው ነው፤ እሳቸውም ይዩት።»

«እሽ ብሎ ይመጣል?»

«በሰው ፊት በደንብ ከተኛ ነገሩን እንደገና አየዋለሁ ብላለች በይው።»

አስማረ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ለመተኛት ነው? ለመተኛትማ ማን ይቀድመኛል?» አለ። ጠቦት በልቶ ተነሣ ቢባል በሚታመን ሆድ ከቤት ወጣ።

ቀትር ላይ መተማ ሁሉ ጋደም ይላል። ሲስተር ሱዳኖች አንገሬብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ከኒሙ ሥር አስወጥተው ነበር። ሾፌሮቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሐጂ ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን በእጃቸው ይዘው ወንበር ላይ ናቸው።

«አስማረ፣ ለዚህ ደመወዝ ካለው እኔንም አስቀጥረኝ» አለው ጋሻው።

«ላንተ ሁለት አልጋ ነው የሚያስፈልገው» አለው አስማረ፤ ጫማውን አወለቀ፣ በጀርባው ተንጋለለ፣ ሳይቆይም ወሰደው።

ማንኮራፋቱ ሲጀምር ሳቅ ሆነ። «አስነሣው» ይላል አንዱ። «ማርሽ ቀየረ፣ ስሙ» ይላል ሌላው። «ጭልጋ ዳገት ላይ ደርሷል» አለ ጋሻው። ሐጂም ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ የሚመጣውን አውቀዋለሁ።

ድምፁ ተቆረጠ። ሾፌሮቹ ለጥቂት ጊዜ ሳቃቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያ እነሱም ዝም አሉ። አስማረ በኃይል ስቦ ተነፈሰና እንደገና ጀመረ።

«አሁን ስሙኝ» አሉ ሲስተር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀጥሎ እሱ ሲያቆም እናንተም አቁሙ። እሱ ሲተነፍስ ትተነፍሳላችሁ። ሐጂ፣ እርስዎም።»

ነገሩ ጨዋታ መስሏቸው አፋቸውን ይዘው ጠበቁ። አስማረ አቆመ፤ እነሱም አቆሙ። ዛፉ ላይ ካሉት ወፎች በቀር አንድ ድምፅ የለም። የአስማረ ሆድ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ በአፍንጫው ግን ምንም አይገባም። ጋሻው ጉንጩን ነፍቶ ጥቂት ቆየና ፈነዳ። ከሱ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ እያለከለኩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ። በመጨረሻ የቀሩት ሐጂ ናቸው። ጣታቸው ሙስበሃው ላይ ደርቋል፣ የግንባራቸው ሥር ተገትሯል። አስማረ አሁንም አልተነፈሰም።

«ያ ረብ» ብለው ሐጂ ተነፈሱ። «ቀስቅሱት። ሰውዬው እየሞተ ነው።»

እኔ በክርኔ ልጎሽመው ተነሣሁ። ሲስተር እጄን ያዙኝ። «ቆይ፤ ይመለሳል» አሉ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከአስማረ ደረት አላነሡም።

ተመለሰ። ከወንዝ እንደሚወጣ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሲስተር ወደ ሾፌሮቹ ዞረው፣ «ይህ ሰው ሌሊቱን በሙሉ እንዲህ ሲታገል ያድርና ጠዋት መሪ ይይዛል። ቀን ሜዳው ላይ ቢያንቀላፋ ይፈረድበታል?» አሉ።

አስማረ የነቃው ዝምታው ሲበዛ ይመስለኛል። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ፣ ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ዙሪያውን ያለነውን አየ።

«እህ፣ አለፍሁ?» አለ።

ጋሻው መሬት መሬት ያያል። አስማረ የያንዳንዱን ፊት በየተራ አየ። በሁሉም ፊት ላይ ያየው አንድ ነገር ነው፤ ያን ፊት የሚያውቀው የተገለበጠ መኪና አጠገብ ከቆሙ ሰዎች ነበር። ቀስ ብሎ ጫማውን ፈለገ።

«ሐጂ፣ ምን አይተው ነው እንዲህ የሚያዩኝ?»

«ልጄ፣ ካንተ ጋር ልተንፍስ ብዬ ልሞት ነበር» አሉት ሐጂ። «ዘንድሮ መኪናውን ሌላ ሰው ይያዘው። አንተ መጋዘን ላይ ቁም፤ ሰሊጡን አንተ አስጭን። ታክመህ ስትመጣ መሪው ያንተ ነው፤ ወላሂ፣ ቃሌ ነው።»

ቅዳሜ ደላላው በር ሲያንኳኳ አስማረ ራሱ ወጥቶ መለሰው። የዚያ ዓመት የመጀመሪያው የጎንደር ጉዞው በተሳፋሪ ወንበር ላይ ሆነ። እዚያ ያዩት ሐኪም ሲስተር ያሉትን ነው ያሉት፤ አንገትህ ይቅጠን፣ አረቄ ይቅር፣ በጀርባህ አትተኛ።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ብነግራችሁ ሐዘንተኛ የጻፈው አይመስላችሁም። ሲስተር ጨርቅ ጠቅልዬ ኳስ እንድሠራና ከካናቴራው ጀርባ ላይ እንድሰፋው አደረጉ፤ በጀርባው ሊተኛ ሲል ይጎረብጠውና በጎኑ ይዞራል። «በዚህ ዕድሜዬ ግመል አደረጋችሁኝ» ይላል፤ ግን ይለብሰዋል። በገበያ ቀን ሲስተር ከጤና ጣቢያው ሲወጡ በሐጂ መጋዘን በኩል ያልፋሉ። አስማረን ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ያቆሙታል።

«ኩንታሉ ጎደለ?»

«ሲስተር፣ እርስዎ ሰው ነው የሚያክሙት ወይስ ሰሊጥ ነው የሚገዙት?»

«ሰሊጥማ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልደክምም ነበር። ሰሊጥ ሲቀመጥ አይበላም።»

የቀን ሠራተኞቹ፣ ከደጋ ለአጨዳ የመጡት፣ ከበው ይስቃሉ። አስማረም ይስቃል። የመሪ ናፍቆቱ የሚወጣው ማታ ማታ ነበር፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ድምፁን ሰምቶ ማን እንደሚነዳው፣ ምን ያህል እንደጫነ ይነግረኛል። ሐጂ አዲስ የያዙት ሾፌር ማርሽ ሲያስጮህ ጥርሱን እንደ ነቀሉት ሰው ፊቱን ያኮማትራል። እኔ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ ያላገኘሁትን አገኘሁ። ባሌ ማታ ማታ ቤት ነው። ራት አብረን እንበላለን፣ እሱ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፣ እኔ አዳምጣለሁ። አንገቱ ቀጠነ። በበጋ ግቢ ስንተኛ ዘሀራ ከአጥሩ ወዲያ፣ «ውባለም፣ ሲኖትራኩን ሸጣችሁት?» ብላ ጮኸች።

መስከረም ዞሮ መጣ። ሐሙስ ዕለት አስማረ ጢሙን ተላጭቶ፣ የምሄድበትን ነጠላ ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሲስተር አንገቱን በሜትር ለኩት፣ ከጎንደር የመጣውን የሐኪም ቃል አነበቡ፣ ብረቱን በመዳፋቸው አሙቀው ደረቱን አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ውባለም፣ አስማረ እንዴት ይተኛል?»

አስማረ ጫማውን ጫማውን ያያል። እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ ከሱ አጠገብ ደግሞ ሌላ ቃል። አንዳንድ ሌሊት ጭጭ ይላል ብል በቂ ነው። ሌላ ዓመት ቤት ይቀርልኛል። ማንም አይጠይቀኝም፣ ማንም አያውቅብኝም፤ ከእኔ በቀር የሱን እንቅልፍ የሚያውቅ የለም። ሲስተር አላጣደፉኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

«ጸጥ ብሎ ይተኛል» አልሁ በመጨረሻ። «ትንፋሹ ግን አይቋረጥም። ስነቃ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ አየዋለሁ። አይቋረጥም።»

አስማረ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን አሁንም ይዤዋለሁ።

ሲስተር፣ «አንተ ውጭ ጠብቅ» ብለው አስወጡት። በሩ ሲዘጋ ጠጋ አሉኝ።

«ሌላ ልትይ ነበር?»

«ነበር።»

«ቤት ለምዶልሽ።»

«ሁላችንም ለምደን።»

«አምና በሱ ላይ ስፈርድ እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር» አሉ። «ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። የሰው እንጀራ ዘጋሁ፣ ብሳሳትስ እያልሁ። እውነት ከተናገሩት በኋላም ያስፈራል፤ አትጨነቂ።» ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ወደ ሐኪሙ ክፍል ሄዱ። ሲወጡ አስማረን በጣታቸው ደረቱ ላይ መታ አድርገው፣ «በየዓመቱ ይዘሃት ትመጣለህ። እሷ ያላለፈችህን እኔ አላሳልፍም» አሉት። መንዳት እስኪያቆም ድረስ በየዓመቱ ሄድን። ሲስተር ጡረታ ወጥተው ሞጣ ሲገቡም የቤታቸውን ዕቃ ጭኖ ያደረሰላቸው አስማረ ነው፤ ለነዳጅ እንኳ አልቀበልም አለ።

በዚያው መስከረም ሐጂ ቃላቸውን ጠበቁ። የመጀመሪያው ጭነት ከኮኪት ነበር። አስማረ በማለዳ ተነሥቶ ጎማዎቹን በእግሩ እየመታ ዞረ፣ ጋቢናውን ጠረገ፣ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋልንና ሄደ። የሾፌር ሚስት ባሏ መንገድ ላይ ሲሆን ጎኗን አታሳርፍም። እኔም ሥራ ፈልጌ እቃ ሳጥብ፣ እህል ስለቅም፣ ስንጎዳጎድ ነበር የምውለው፤ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በር ላይ ነኝ። በዚያ ቀን ግን ከምሳ በኋላ ጥቂት ልረፍ ብዬ ከግቢያችን ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አልሁ።

ዘሀራ ወስፌ ፈልጋ መጥታ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች።

«ምነው ውባለም፣ አስማረ መንገድ ላይ አይደለም እንዴ?»

«መንገድ ላይ ነው» አልኋት፤ ወስፌው ያለበትን ነገርኋትና ዞሬ ተኛሁ።